ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ እምቢ ይላል

የዛሬው ርዕሳችን የመኪና ኳድሮ ነው፤ ቁልፍ ከትተን ሞተር የምናስነሳበት፣ ከመሪው ጎን ያለው ማስገቢያ። ደህና በሚሠራበት ጊዜ የሚያስታውሰው የለም። ሲበላሽ ግን ባለመኪናውን ከቁልፍ ቀራጭ ወደ አውቶ ኤሌክትሪሺያን፣ ከዚያም ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሲያንከራትተው ይውላል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ደህናው ዕቃ ተቀይሮ፣ የተበላሸው እዚያው ቁጭ ብሎ መገኘቱ ነው።

ይህ የሚሆነው ኳድሮ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር በእርግጥ ሦስት ዕቃ ስለሆነ ነው። ፊት ለፊት ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር አለ፤ የሞተሩን ሲሊንደር ማለቴ አይደለም፣ አውራ ጣት የምታህል የብረት ቁራጭ ናት። ከኋላዋ ኤሌክትሪኩን ለሬዲዮው፣ ለዳሽቦርዱ፣ ለሞተሪኖው የሚያከፋፍል ስዊች ተገጥሟል። ሦስተኛው በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ብቻ ያለ ነው፤ የቁልፉን አፍ የከበበ፣ ቀለበት የመሰለ አንቴና። ሦስቱም ሲበላሹ ውጤቱ አንድ ነው፤ መኪናው አይነሳም። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም፣ ዋጋቸውም እንደዚሁ።

ከብረቱ እንጀምር። በሲሊንደሩ ውስጥ ቀጫጭን የነሐስ ቅጠሎች በሞላ (በስፕሪንግ) ተደግፈው ተደርድረዋል። ቁልፉ ሳይገባ ቅጠሎቹ ወደ ውጭ ወጣ ብለው ሲሊንደሩን ከአቃፊው ጋር ይቆልፉታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ቅጠል በልኩ ይስቡታል፤ ሁሉም እኩል ሲሰበሰቡ ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዲት ቅጠል በጥቂቱ እንኳ ከልኳ ከወጣች አይዞርም። እንግዲህ ለሃያ ዓመት በቀን ብዙ ጊዜ የሚገባና የሚወጣ ቁልፍ፣ በዚያ ላይ የአዲስ አበባ አቧራ ሲጨመርበት፣ ቁልፉም ቅጠሎቹም እየተበሉ ይሄዳሉ። አንዳንድ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ተነቅሎ የሾፌሩ ኪስ ውስጥ ሲገባ አይታችሁ ይሆናል። ያ ጥበብ አይደለም፤ ሲሊንደሩ አልቆለታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ወጥመድ አለ። ቁልፉ ሲያስቸግር ወደ ቁልፍ ቀራጭ ሄደን "ኮፒ አድርግልኝ" እንላለን። ማሽኑ የሚቀዳው ያየውን ነው፤ የተበላ ቁልፍ ከሰጠነው የተበላ ቁልፍ ይሰጠናል። ጎበዝ ባለሙያ ግን የተበላውን አይቀዳም። መኪናው አዲስ ሳለ ከቁልፉ ጋር በትንሽ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ የቁልፍ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ቁጥሩ ካለ በእሱ መሠረት እንደ ፋብሪካው ልክ ይቀርጻል። ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር ያገለገለ ሆኖ የመጣ መኪና ያን ቆርቆሮ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚያን ጊዜ የተሳፋሪውን ወገን የበር ቁልፍ አስፈትቶ የቅጠሎቹን ልክ ማንበብ ይቻላል። የዚያ ወገን በር በቁልፍ የሚከፈተው አልፎ አልፎ ስለሆነ ውስጡ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው።

ቁልፉ አልዞር ሲል ሲሊንደሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ጎማው ከድንጋይ ወይም ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ተደግፎ ከቆመ የመሪው መቆለፊያ ተወጥሮ ቁልፉን ይይዘዋል። መሪውን በግራ እጅ ቀኝና ግራ ነቅነቅ እያደረጋችሁ ቁልፉን በቀስታ አዙሩት። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ፓርክ ላይ መሆኑን እዩ። ሁለተኛ ቁልፍ ካላችሁ ሞክሩት፤ በእሱ ከዞረ ያለቀው የመጀመሪያው ቁልፍ እንጂ ኳድሮው አይደለም። ደግሞም የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ አታፍስሱበት። ለጥቂት ቀን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ አቧራውን ይዞ ጭቃ ይሆናል። ለቁልፍ የሚሆነው ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነው፣ የእርሳስ ውስጡ ከሚሠራበት ዓይነት።

ሁለተኛው ዕቃ፣ ስዊቹ፣ ብዙም የሚወራለት አልነበረም፤ እስከ 2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። በዚያ ዓመት የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ያህል ትንንሽ መኪኖችን ለጥገና ጠራ፤ ሼቭሮሌት ኮባልት ዋናው ነበር። ጥፋቱ የሚገርም ነው። በስዊቹ ውስጥ ቁልፉን በቦታው የሚይዘው ስፕሪንግ ላልቶ የተሠራ ስለነበር፣ የሾፌሩ ጉልበት ቢነካው ወይም የቁልፍ መያዣው ከብዶ መኪናው ጉድጓድ ላይ ቢነጥር፣ ቁልፉ በራሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ አጋዥ ይደክማል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኤር ባጉ አይፈነዳም። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ሳቢያ መሞታቸውን ተቀብሏል። መሐንዲሶቹ ስለ ችግሩ ከአሥር ዓመት በላይ ያውቁ ነበር። እንዲያውም በ2006 ዕቃውን በዝምታ አሻሽለው የመለዋወጫ ቁጥሩን ግን እንደ ነበረ ተዉት፤ አዲሱንና አሮጌውን ለይቶ ማወቅ ያልተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በ2015 ኩባንያው 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

የእኛ ቶዮታዎች ያ ጥፋት ነበረባቸው ማለቴ አይደለም። ግን ያረጀ ስዊች ያለበት መኪና ላይ የቤቱን፣ የሱቁን፣ የሳጥኑን ቁልፍ ሁሉ፣ በዚያ ላይ የቢራ መክፈቻ ጨምሮ የሚያንጠለጥል ሰው ሳይ እጄ ይበላኛል። የመኪና ቁልፍ ብቻውን ይንጠልጠል። ያረጀ ስዊች ምልክቱ ይታወቃል፤ ቁልፉ በደንብ ይዞራል፣ ዳሽቦርዱ ግን አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል፣ ቁልፉን ሲነቀንቁት ሬዲዮው ይቋረጣል። ይህ ከሆነ ሲሊንደሩን መቀየር ምንም ፋይዳ የለውም። ስዊቹ በብዙ መኪና ላይ በሁለት ብሎን ተይዞ ለብቻው ይፈታል፣ ለብቻውም ይሸጣል፤ ቁልፍም ፕሮግራምም አይነካም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ቀለበቱ አካሉ ወደሆነው ኢሞቢላይዘር እንምጣ። ዲኤክስ ኮሮላ የነዳ ሰው ይህን አያውቀውም፤ የዚያ ቁልፍ ብረት ብቻ ነው። በአውሮፓ የመኪና ስርቆት ሲበዛ የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው አስገደደ። ሥራው እንዲህ ነው። በቁልፉ የፕላስቲክ ራስ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ጥቂት የምትበልጥ ቺፕ አለች። ባትሪ የላትም። ቁልፉ ሲዞር በኳድሮው አፍ ያለው ቀለበት በ125 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ ሞገድ ይለቃል፤ ቺፗ ከዚያው ሞገድ ኃይል ወስዳ ቁጥሯን ትመልሳለች። በር ላይ የይለፍ ቃል እንደሚጠይቅ ዘበኛ፣ የመኪናው ኮምፒውተር ቁጥሩን ካወቀው ነዳጅና እሳት ይፈቅዳል፤ ካላወቀው ሞተሪኖው ቢዞርም ሞተሩ አይነሳም።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ። በር የሚከፍተው ሪሞት ሌላ፣ ሞተር የሚያስነሳው ቺፕ ሌላ ነው። የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅ ሞተሩ ይነሳል። ሪሞቱ እየሠራ ቺፗ ወድቃ ከጠፋች ግን በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩ አይነሳም። ቁልፋችሁ ተሰንጥቆ አዲስ ሽፋን ስትገዙ የድሮውን ቶሎ አትጣሉት፤ ቺፗ እዚያው ውስጥ ተጣብቃ ትቀር ይሆናል። በሚዞር ቁልፍ ሳይሆን በመጫኛ የሚነሱት መኪኖችም ያው ናቸው። የሪሞታቸው ባትሪ ቢሞት ብዙዎቹ ላይ ሪሞቱን ራሱን ከማስነሻው አስጠግቶ መጫን ይበቃል።

ይህች ቺፕ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ያሳዩን አሜሪካኖች ናቸው፤ ባለማድረግ። በዚያ አገር ኢሞቢላይዘርን የሚያስገድድ ሕግ የለም። በ2015 ሞዴል መኪኖች ላይ ሌሎች አምራቾች ከሞዴሎቻቸው 96 በመቶ ያህሉ ላይ ኢሞቢላይዘርን መደበኛ ዕቃ ሲያደርጉ፣ ሀይንዳይና ኪያ ያደረጉት 26 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ካናዳ ከ2007 ጀምሮ ስላስገደደች እነዚሁ ኩባንያዎች እዚያ የሚሸጡትን ሁሉ ከነኢሞቢላይዘሩ ያቀርቡ ነበር። በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ወጣቶች እነዚህ መኪኖች ያለ ቁልፍ እንደሚነሱ ደረሱበት፤ ቪዲዮው በቲክቶክ ሲዞር ስርቆቱ አገር አቀፍ ሆነ። በ2023 ኩባንያዎቹ ለ8.3 ሚሊዮን ያህል መኪና በነፃ የሚጫን የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጡ። አሜሪካ ሆናችሁ የምትሰሙን፣ በተለይ በብረት ቁልፍ የሚነሳ የ2011 እስከ 2021 ሞዴል ሀይንዳይ ወይም ኪያ የምትነዱ፣ ማሻሻያው ተጭኖ እንደሆነ አከፋፋዩን ጠይቁ።

እሺ፣ የኛው መኪና ቁልፉ ዞሮ፣ ሞተሪኖው ዞሮ፣ ሞተሩ ግን አልነሳም እንበል። ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። ቶዮታ ላይ ቀይ መብራት አለች፤ ቁልፉ ሲነቀል ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ትጠፋለች። ቁልፉን አዙራችሁም ብልጭታዋ ካላቆመ ኮምፒውተሩ ቁልፉን አላወቀውም። ከጠፋች ግን ኢሞቢላይዘሩን ተዉትና ነዳጅ ወይም እሳት ፈልጉ። ሞተሪኖው ራሱ ቀጭ ብሎ ከቀረ መጀመሪያ ባትሪውን አስመርምሩ። መብራቷ እየበራች ካስቸገረች ደግሞ ሌላ ባለቺፕ ቁልፍ በዚያው መያዣ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሆነ እዩ፤ ሁለት ቺፕ አንድ ቀለበት ሥር ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ንግግር ያደናቅፋል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪኖች ላይ ደግሞ በዝውውሩ ጊዜ የተቀጠለ ሽቦ ላልቶ ቀለበቱ ኃይል አጥቶ ይሆናል።

ሲሊንደሩ በእርግጥ ካለቀ መቀየሩ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚዞር ቁልፍ እስካለ ድረስ። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ መሪው ውስጥ ኤር ባግ ስላለ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ አለበት ይላል። የመሪው ሥር ሽፋን ይፈታል፣ ቀለበቱ በቀስታ ይወጣል። ከዚያ ቁልፉ ወደ መጀመሪያው ደረጃ፣ ሬዲዮ ብቻ ወደሚሠራበት፣ ይዞርና በትንሿ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ገብቶ መያዣዋ ፒን ስትጫን ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ቁልፉ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሰርሰር ይመጣል፣ ወይም ሙሉ አቃፊውን መፍታት። የአቃፊው ብሎኖች ደግሞ ሌባ እንዳይፈታቸው ሲጠብቁ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ እንዲወድቅ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ "ሲያስቸግር እያባበልኩ እነዳዋለሁ" የሚለው ቁጠባ አያዋጣም። ቁልፉ እየዞረ ሳለ ማስቀየር ቀላል ነው፤ ከቆመ በኋላ ግን ሥራውም ዋጋውም ሌላ ነው።

አዲሱ ሲሊንደር የራሱን ቁልፍ ይዞ ይመጣል። አሁን ሁለት ቁልፍ ልትይዙ ነው፤ አንዱ ለበር፣ አንዱ ለሞተር። የአዲሱ ቁልፍ ቺፕ ደግሞ ለመኪናው ባዕድ ነው፣ ወይም ጨርሶ የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ፕሮግራም ማስደረግ አለብህ" ይባላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የያዝነው የድሮ ቁልፍ ካልተበላ፣ ባለሙያው የአዲሱን ሲሊንደር ቅጠሎች አውጥቶ በድሮው ቁልፍ ልክ ሊደረድራቸው ይችላል፤ ያኔ በሩንም ሞተሩንም አንድ ቁልፍ ይከፍታል፣ ቺፕም አይነካም። ቁልፉ ከተበላ ደግሞ የድሮዋን ቺፕ ከድሮው ራስ አውጥቶ ወደ አዲሱ ቁልፍ ማዛወር ይቻላል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቺፗን እንጂ ብረቱን አይደለም። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ቺፕ ሲያወጡ የሰበሩ አሉ።

ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናው አልነሳ ካለ፣ ፕሮግራም ጠፍቶበታል ብላችሁ ማሽን ከመፈለጋችሁ በፊት የቀለበቱ ሶኬት ተመልሶ መሰካቱን አሳዩ። ተረስቶ የሚቀረው እሱ ነው።

ፕሮግራም በእርግጥ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቁልፍ ሲሠራ ወይም ሁሉም ሲጠፋ ነው። አንድ የሚሠራ ዋና ቁልፍ ካለ ነገሩ አጭር ነው፤ ማሽኑ ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ጋር ይገናኛል፣ ኮምፒውተሩ የድሮውን አይቶ አዲሱን ይመዘግባል። አንዳንድ አሮጌ ቶዮታዎች ላይማ ያለ ማሽን፣ በፔዳልና በቁልፍ ማዞር ብቻ ይመዘገባል። ቶዮታ ዋናና ረዳት ብሎ ቁልፎቹን በሁለት ይከፍላቸዋል፤ ረዳቱ ሞተር ያስነሳል እንጂ ሌላ ቁልፍ ማስመዝገብ አይችልም። ሁሉም ከጠፉ በአሮጌዎቹ ላይ ኮምፒውተሩ ተፈትቶ፣ የማስታወሻ ቺፑ ተነቦ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ይህ የቦርድ ሥራ ነው፤ ለማንም አይሰጥም። በመሰኪያው በኩል በማሽን ሲጻፍ ደግሞ የመኪናው ባትሪ ደካማ ከሆነ ጽሑፉ መሐል ላይ ተቋርጦ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል፤ ባለሙያው ቻርጀር ሳያገናኝ ከጀመረ አስቁሙት።

ሌላው መንገድ ከሶማሌ ተራ ኳድሮውን፣ ቁልፉንና ኮምፒውተሩን ከአንድ መኪና የወጡ ሆነው አንድ ላይ መግዛት ነው። ሦስቱ ይተዋወቃሉና ፕሮግራም አይፈልጉም። ግን ኮምፒውተሩ ከሞተራችሁና ከማርሻችሁ ዓይነት ጋር አንድ መሆኑን በላዩ ባለው ቁጥር አመሳክሩ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ፣ ዕቃው ከየት እንደ መጣ ነገ የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል።

የማልወደው አንድ መፍትሔ አለ፤ ዳይሬክት ማድረግ። ሽቦ ተቆርጦ በመጫኛ ቁልፍ እንዲነሳ ይደረጋል። ተቀጥሎ የሚቀረው ሽቦ ብዙ አምፔር የሚሸከም ነው፤ ያለ ፊውዝ ሲቀር እሳት ያስነሳል። መሪው ደግሞ አይቆለፍም። ለዛሬ ቤት የሚያስገባ ነው እንጂ ለዓመት የሚነዱበት አይደለም።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ሁለቱንም ቁልፍ ጠይቁ፤ በማሽንም ስንት ቁልፍ እንደ ተመዘገበ አስነብቡ። ሁለት ተረክባችሁ ሦስት ከተመዘገበ ሦስተኛው የሆነ ሰው እጅ ነው፤ አሰርዙት። ቁልፍ የሚሠራላችሁ ሰው ሊብሬና መታወቂያ ቢጠይቃችሁ አትቆጡ፤ የማይጠይቀውን ነው መፍራት ያለባችሁ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ አገራችን መግባት ተከልክሏል፤ ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ለብዙ ዓመት ይነዳሉ፣ ኳድሯቸውም ያረጃል። አድማጮቻችን፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ይዛችሁ የምትነዱ ካላችሁ በዚህ ሳምንት ሁለተኛውን አሠሩ፤ ዋናውም ገና በእጃችሁ ሳለ። ያሠራችሁትንም መኪናው ውስጥ ሳይሆን ቤት አስቀምጡት።